የቁጥር 14 ቅቤ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጭሮ ከተማ ውስጥ በሚካሄድ አንድ የጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ የሆነው ዳምጤ፣ ተሳታፊ ቁጥር 14 እንዲሰረዙ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነበር፤ «የሚጽፉትና የሚገዙት አይገናኝም።»

ቁጥር 14 የሃምሳ አራት ዓመቷ የልብስ ነጋዴ ወይዘሮ ዑሙልኸይር ናቸው። በስድስት ወር ሰባት ኪሎ ቀንሰዋል። አብረዋቸው የተመዘገቡት ባለቤታቸው አቶ መህዲ አምስት ኪሎ ቀንሰዋል።

ጥናቱ ቀላል ነው። ሃያ ባልና ሚስት፣ አርባ ሰው። ስኳር፣ ቅቤና ጥብስ ይቀንሳሉ። በቀን አርባ ደቂቃ በእግር ይሄዳሉ። የበሉትን በደብተር ይጽፋሉ። መድኃኒት የለም፤ ሰው አኗኗሩን በመለወጥ ብቻ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ይከላከላል ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው። ዳምጤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ቤት ለቤት እየዞረ ደብተር ያያል፤ በቀን ስድስት ሰባት ቤት ይደርሳል። በወር አንድ ጊዜ ሁሉም ቢሮ መጥተው ይመዘናሉ፤ እስካሁን ያልቀነሰ የለም።

ዳምጤ ሥራውን ጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲመጣ ሚዛኑን የገጠመው ራሱ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን መጀመሪያ ራሱ ወጥቶበት መሥራቱን አረጋገጠ፤ ቁጥሩንም በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሰፈረ። ለቢሮው የሚያስፈልገውንም በጽሑፍ ነው የሚጠይቀው። የነሐሴው መጠየቂያ አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ደብተርና፣ የፊተኛው ታጥቦ ስለጠበበ፣ አንድ አዲስ ጋዋን ይላል።

ጥርጣሬው የጀመረው በመስከረም፣ በጃዕፈር ሱቅ ውስጥ ነው።

«አዴ ዑሙልኸይር ቅቤ መግዛት ትተዋል አይደል?» ብሎ ጠየቀው ዳምጤ።

«ማን ነው ያለህ?» አለ ጃዕፈር። «በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይወስዳሉ። ስኳር ደግሞ ሁለት ኪሎ። ከረመዳን ወዲህ እንዲያውም ጨምረዋል።»

«ሌሎቹስ?»

«ያንተ ሰዎች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። አላህ ይስጥህ፣ ይሄን ጥናት አታቋርጠው!»

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሐሙስ ቀን ዳምጤ በባጃጅ ወደ ቁጥር 14 ቤት ወጣ። ዳገቱን በእግር መውጣት ሰዓት ይፈጃል። ወይዘሮ ዑሙልኸይር እንቁላል የገባበት ፈጢራ ከነማሩ አቀረቡ።

«በል፣ ቢስሚላህ በል።»

«አዴ፣ በልቻለሁ እኮ።»

«የት?»

«እነ ኢንሳፍ ቤት፣ ደብተራቸውን ሳይ።»

«እዚያ የበላኸው የእነሱን ነዋ! የኔን ቤት ልትንቅ ነው?»

ዳምጤ ቆርሶ ጎረሰና ደብተሩን ገለጠ።

«ትናንት ቁርስ፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ። ምሳ፣ ጎመንና ምስር። እራት፣ ፓፓያ። ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ቅቤውስ?»

«የቱ ቅቤ?»

«ጃዕፈር ነግሮኛል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ። ማን በላው?»

ወይዘሮ ዑሙልኸይር ባላቸውን አዩ።

«ወላሂ እኛ አልበላነውም።»

«ልጆቹ መጥተው ነበር?»

«ልጆቹማ ድሬዳዋ ናቸው፤ ታውቃለህ።»

«ድመትም የለንም» አሉ አቶ መህዲ። «ጨምርበት እንጂ፣ ማሩ ከበደሳ ከተማ የመጣ ነው።»

«እኔ የምጠይቀው ስለ ቅቤው ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ እዚህ ቤት የሚሠራውን ነገር...» ብለው ወይዘሮዋ ሲጀምሩ አቶ መህዲ በኦሮምኛ ቆጣ ብለው «ተዪ፣ ነውር ነው!» አሏቸው። ወይዘሮዋ ማሩን ወደ ዳምጤ አስጠጉ።

ዳምጤ ኦሮምኛ ለምዷል። ሳህኑን ጨርሶ እጁን ከታጠበ በኋላ ማስታወሻው ላይ «ባልየው እንዳይናገሩ ከለከሏቸው» ብሎ ጻፈ።

ወይዘሮ ዑሙልኸይር እስከ በር ሸኙት።

«ልጄ፣ በደሳ ያለችውን እህቴን አይተሃታል። ስኳር እግሯን እስከ ጉልበቷ አስቆርጧታል። የጥናቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደሜን በየወሩ ታዩልኛላችሁ ብዬ ነው የምጠብቀው። እንዳታስወጣኝ።»

«ሐቁን ከነገሩኝ አላስወጣዎትም።»

«ሐቁማ...» አሉና ወደ ጓዳው ተመለከቱ። «ለመንገድህ ሳምቡሳ ልጠቅልልህ?»

ደብዳቤው የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቅምት 17 ቀን የጥናቱ ተቆጣጣሪ ዶክተር ሳህሊቱ ጭሮ ገቡ። ባልና ሚስቱም ተጠርተው ቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ዳምጤ ማስረጃውን ዘረዘረ። የቅቤውና የስኳሩ ግዢ አልቀነሰም። ልጆች ቤት ውስጥ የሉም። አቶ መህዲ መካኒክ ነበሩ፤ በሰኔ የሚዛኑ አንድ እግር ሲላላ ያጠበቁት እሳቸው ናቸው።

«ምግቡ ሳይቀንስ ሰው ሁሉ ከቀነሰ» አለ ዳምጤ፣ «ወይ ደብተሩ ይዋሻል፣ ወይ ሚዛኑ።»

«ሦስተኛ ነገር የለም?» አሉ ዶክተሯ።

«የለም።»

ዶክተር ሳህሊቱ ከመኪናቸው ሃያ ኪሎ የመፈተሻ ብረት አስመጥተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። ልክ ሃያ አሳየ።

«ለብረት ልክ ይሆናል» አለ ዳምጤ። «ሰው ሲወጣበት ግን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ሰው ይውጣበት።»

«ቀድሞ ክብደቱ የሚታወቅ ሰው ያስፈልገናላ» አሉና ዶክተሯ የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ አነበቡ። «ሚያዝያ 20። ዳምጤ፣ ያለ ጫማ፣ ስልሳ ስምንት ኪሎ። ከዚያ ወዲህ ተመዝነሃል?»

«እኔ ተሳታፊ አይደለሁም፣ ዶክተር።»

«ውጣ እስቲ።»

ዳምጤ ጎንበስ ብሎ፣ ትንሽ እያለከለከ፣ የጫማውን ክር ፈታ። አቶ መህዲ ጣሪያውን፣ ወይዘሮ ዑሙልኸይር መሬቱን ማየት ጀመሩ።

ሚዛኑ ሰባ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም አሳየ።