የሪኬታ ጠጠሮች

አሮጊቷ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ «ሪኬታ» ከሚለው ስም ሥር የተደረደሩትን ጠጠሮች አንድ በአንድ እያነሳች፣ ከጎኑ ወዳለው «ኤስትሬያ» ወደሚለው ስም ታዛውር ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተሰሎንቄ በባቡር ተግዘው ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ የተወሰዱት አይሁዶች ስም በሙሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል።

«እማማ! የሙት ጠጠር ይሰረቃል እንዴ?» አለ ከማዶ ቀለበት ዳቦ የሚሸጠው ሰው፣ ጋሪውን ጥሎ መንገዱን እየተሻገረ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት! እናንተ ለሙታችሁ ከአበባ ይልቅ ጠጠር እንደምታኖሩ ሰምቼ፣ ይቺ ምስኪን ጠያቂ ስለሌላት በየዓመቱ አንድ አንድ አኖርላታለሁ። ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቴ!»

«ከዚህ ሁሉ ሰው እሷን ለምን መረጥክ?»

«ስሟ ከጋሪዬ ትይዩ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። በሉ ይመልሱላት።»

እሷ ግን የመጨረሻዋን ጠጠር አንስታ በመዳፏ ጨበጠቻት፤ ፀሐይ አሙቋታል። ጎንበስ ብላ ከኤስትሬያ ስም ሥር አኖረቻትና ቀና አለች።

«ኤስትሬያ ታናሽ እህቴ ናት፤ አልተመለሰችም። ሪኬታ ግን ተመለሰች። ወልዳ፣ ከብዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ይኸው አሁን ካንተ ጋር ትጨቃጨቃለች።»

ሰውየው አማተበ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስምና ሴትዮዋን እያፈራረቀ አየ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ» አለችው ከዘራዋን እያነሳች። «ለእኔ ጠጠሩ ይቆይ። ዳቦ አምጣ፣ ትኩሱን! ጥርሴ እንደሆነ ገና አልረገፈም።»