የማተቡ ክር

ከጄኔቭ ዳርቻ ከቬርኒየ የተነሳው አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የናቫሆዋ ሴት ሐብል ተበጠሰና ሰማያዊዎቹ የቱርኳዝ ድንጋዮች እንደ ሽምብራ ቆሎ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ናቫሆ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን ሆና፣ ለስብሰባ ጄኔቭ የመጣች እንግዳ ነበረች። “አያቴ በእጇ የሞረደችው ነው” አለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ኢትዮጵያዊት ሕብስት የክት ነጠላዋን ሰብስባ ለመልቀም ተንበረከከች፤ እሷን ያዩት ስዊሶችም እንደ ማፈር ብለው አጎነበሱ።

የመጨረሻዋ ድንጋይ ስትገኝ ሕብስት ከቦርሳዋ ጥቁር የሐር ክር አወጣች። ከአዲስ አበባ ስትወጣ የደርግ ፈታሽ ጉትቻዋን ሳይቀር ለቅሞ፣ ንቆ የተወላት ይህንኑ ክር ነበር። ዛሬ ክርስትና ለምታነሳት ሕፃን ማተብ እንዲሆን ነው የያዘችው።

“አንቺ ሴት! የልጅቷን ማተብ?” አለ ባሏ ተክለሃይማኖት።

“የሕፃን አንገት ስንት ክር ይፈጃል?” አለችና ክሩን ቆርጣ፣ አንዱን ጉልበቷ ላይ ገመድ ገመድ አድርጋ ድንጋዮቹን ትሰካ ጀመር።

ሴትየዋ ሐብሏን አጥልቃ ከሕብስት ቦርሳ ብቅ ያለችውን ትንሽ ነጭ ቀሚስ አየች። ሳቅ አለችና ከሐብሉ ለይታ ያስቀረቻትን ትንሽ ድንጋይ በተረፈው ክር ላይ ሰካች። “እኛም አገር ለልጅ እናስራለን” ብላ ሕብስት መዳፍ ላይ አኑራው፣ እጇን እያውለበለበች ወረደች።

ተክለሃይማኖት ክሩን አገላብጦ አየው። “አባ ‘ይሄማ ጨሌ ነው’ ቢሉስ?”

“የሁለተኛዋ ክርስትና እናት ስጦታ ነው እላቸዋለኋ። እሷ ስብሰባ ስላለባት ቀረች።”