ባለ ማሊያው ቲፎዞ

በመስመር አጥቂነት ቢፈርምም ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው። ደጋፊው "ባለ ማሊያው ቲፎዞ" ይለዋል። ዛሬ የውሉ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ ዛሬም ካልገባ የሚያድስለት የለም። አባቱ እንኳ "እስቲ ስትጫወት ልይህ" ብለው ከጎባ ድረስ መጥተዋል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ዞር አለ።

"አንተ! ና ቶሎ!"

ቱታውን ወርውሮ፣ ሳሩን ነክቶ አማተበና እየሮጠ የሜዳው ጠርዝ ደረሰ። አባቱ ብድግ ብለው "የኔ ልጅ ነው! የኔ ልጅ!" ሲሉ ሰማቸው።

"ዝግጁ ነኝ ኮች!"

አሰልጣኙ አላየውም። አጥቂው ናሆም ሳሩ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

"የእግራችሁ ልክ አንድ ነው አይደል? ጫማህን ስጠው። ፍጠን እንጂ! ካልሲው ይቅር።"