የተዘረጋው አንሶላ

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በልብስ ማጠቢያው አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አንሶላ አጣፊዋ ልጅ፣ ሁሉም እትዬ ካውያ የሚላቸው ልብስ ተኳሿ፣ መካኒኩ፣ የፈረቃ አለቃው፣ ከዋናው ቢሮ የመጣችው የሰው ኃይል ኃላፊና ፎቶ አንሺው። ግድግዳው ላይ «ልዩ ልዩ ነን፤ ሁላችንም የተከበርን ነን» የሚል አዲስ ጨርቅ ተሰቅሏል።

«ሴት፣ ወንድ፣ ወጣት፣ አዛውንት፣ ተሰባጥራችሁ ቁሙ» አለች ኃላፊዋ። «ለመጽሔታችን ሽፋን ነው።»

«እኔ በየትኛው ነኝ?» አለ መካኒኩ፣ ዘይት የነካው እጁን በሱሪው እየጠረገ። «በአዛውንት ከሆነ ይቅርብኝ፤ ሚስቴ አልሰማችም።»

እትዬ ካውያ ሳቁ። አጣፊዋ ግን አልሳቀችም። ፎቶ አንሺው አለቃውን ከኋላዋ አቁሞ፣ «እጅዎን ትከሻዋ ላይ ጣል ያድርጉ፤ እንደ ቤተሰብ» ብሎታል።

እጁ አረፈባት። ያው እጅ ነው። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ዕቃ ክፍሉን ዘግቶ ወገቧን የያዘበት። በማግስቱ ደብዳቤ ጽፋ ለኃላፊዋ ሰጥታለች። በጠየቀች ቁጥር መልሱ «እየተጣራ ነው» ነው።

«ፈገግ በይ እንጂ!» አላት ፎቶ አንሺው። ሞከረች። ከንፈሯ እንቢ አላት።

እትዬ ካውያ አዩዋት። ደብዳቤውን ስታነብላቸው ያዩት ፊት ነው። ከጠረጴዛው ላይ አንድ አንሶላ አንስተው ሁለቱን ጫፎች አቀበሏት።

«ሥራ ላይ ሆነን ብንነሳ ይሻላል፤ ባዶ እጅ ያሳፍራል። እስቲ ልጄ፣ ወዲያ ፈቀቅ በይና ጎትቺ።»

ፈቀቅ ስትል የአለቃው እጅ ከትከሻዋ ወደቀ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ እንደሚያደርጉት ፊት ለፊት ቆመው አንሶላውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ወጠሩት። አለቃው ከአንሶላው በስተጀርባ ቀረ፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

«ይሄ ነው! እንዳትነቃነቁ!» አለ ፎቶ አንሺው።

«አለቃችሁ ተሸፈነ እኮ! ዝቅ አድርጉት» አለች ኃላፊዋ።

«እናደርጋለን የኔ እመቤት» አሉ እትዬ ካውያ ድምፃቸውን አለስልሰው፤ «የልጄ ደብዳቤ መልስ ያገኘ ዕለት።»

መካኒኩ ሄዶ የሚያጓራውን ማድረቂያ አጠፋው። ኃላፊዋ የያዘችውን ወረቀት አገላበጠች፤ ቀና አላለችም። አጣፊዋ አንሶላውን እንደወጠረች ቆመች። ከወዲያኛው ጫፍ የእትዬ ካውያ እጅ ሲስብ ይሰማታል፤ አይላላም።

ፎቶው እንደዚያው ተነሳ። ሰኞ ጠዋት አጣፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን እንድትሰጥ ወደ ዋናው ቢሮ ተጠራች። እትዬ ካውያ ካውያቸውን ነቅለው መጥተው፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋት።