አዲሱ የአዳኝ ዝንቦች ወገን

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሎች ስም ያወጡላቸውን ዝንቦች ሲለይ ኖሯል። ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። እድል ፊቷን ያዞረችለት ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው ነው።

በተቋሙ ዕቃ ቤት፣ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ፣ በመርፌ የተሰኩ አራት ደረቅ ዝንቦች አገኘ። ሰውነታቸው ሌሎች በራሪ ነፍሳትን አየር ላይ ቀልበው የሚበሉት የአዳኝ ዝንቦች ነው። ጭንቅላታቸው ግን እንዲህ ካለ ሰውነት ጋር አይቶት የማያውቀው ነው፤ እርስ በርሳቸው እንኳ አይመሳሰሉም። የአራቱም አንገት ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ፣ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ቀለበት አለ። እንዲህ ያለ ምልክት በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። አንድ አዲስ ወገን፣ አራት አዳዲስ ዝርያዎች!

ወገኑን በእናቱ ስም ሊጠራው ወሰነ። እናቱ አልጋ ላይ ከዋለች ስድስት ወር ሆኗታል፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠም።

«ለእናት ዝንብ ይሰጣል?» ብላ ሳቀችበት እህቱ።

«ተይው፤ ዝንብም ቢሆን የኔ ነው» አለች እናትየው። «ብቻ ቶሎ በል፣ ልጄ።»

ባትለውም መቸኮሉ አይቀርም ነበር። በዚህ ሙያ ስሙ የሚጸናለት ቀድሞ ላሳተመ ነው። የታተመ ስም ደግሞ አይፋቅም፤ ስህተት ቢሆን እንኳ ከነስህተቱ፣ ከነጸሐፊው ሲጠቀስ ይኖራል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ከጡረታ በኋላ በኮንትራት ከቀጠለችው አሮጊት የዕቃ ቤት ጠባቂ ግን መደበቅ አልቻለም። ቁልፉ በእሷ እጅ ነው። ሳጥኑን ሲያነሳ ካየችው ቀን ጀምሮ ከአጠገቡ አልጠፋ አለች።

«እነዚህን ምን ልታደርጋቸው ነው?»

«ልጽፍባቸው ነው፣ እትዬ።»

«ስንት ዝንብ እያለልህ? አሮጌ ናቸው፣ ልጄ። ተዋቸው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ጽሑፉ መቼ እንደሚላክ ጠየቀችው። በማግስቱ ስልክ ስታወራ ደረሰባት፤ ስታየው ደንግጣ ዘጋችው። ማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ወደ ሌላ ተቋም የሄደው የድሮ ባልደረባው መሆኑን ነገረችው። ያም ሰው እንደ እሱ የዝንብ ተመራማሪ ነው።

አሁን ነገሩ ገባው። ከአፉ ሊነጥቁት ነው። ግን ምን ያድርግ? ቁልፉን አይቀማት፤ ለአለቃው ቢናገር ወሬው ይዛመታል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ። ሌት ተቀን ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ሰው ከቀደመው እናቱ ባዶ እጇን ትሄዳለች። ጽሑፉን እንዲያወጣለት የጠየቀው የሳይንስ መጽሔት፣ ዝንቦቹ አስቀድመው ሌላ ባለሙያ ዘንድ ተልከው ይታዩ ሲለው እንኳ ፈርቶ ፎቶግራፍ ብቻ ላከ።

ጽሑፉን በሚልክበት ጠዋት ጠባቂዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው።

«አሁን ጊዜ የለኝም» ብሎ አልፏት ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ታተመ። እናትየው ስሟን በጣቷ እየዳበሰች ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ እንዲያይላት አዘዘች፤ ገጹም ከአልጋዋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሰውየው ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ጠባቂዋም በሽተኛዋን ልትጠይቅ መጣች። ስትወጣ እስከ ደጅ ሸኛት። አሸንፏልና ቂም አልያዘባትም።

«እትዬ፣ አሁንማ አልፏል። ለዚያ ሰው ምን ነግረውት ነበር?»

«ምንም። ከታተመ በኋላ ስም ይሰረዛል ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

«ለምን ይሰረዛል?»

ወደ ውስጥ፣ ወደ አልጋው አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያን ሳጥን ስወለውል ከእጄ ወድቆ የሁሉም አንገት ተቆርጦ ነበር፣ ልጄ፤ የቱ ራስ የየቱ እንደሆነ ስላላወቅኩ፣ እንደመሰለኝ በማስቲሽ አጣበቅኳቸው።»