የሶስና አልበም

አልበም ያወጣ ዘፋኝ ድምፁን ለአልበሙ ሰጥቶ፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ዲዳ የሚሆንበት ዘመን ነበር። ሶስና ሮክን ከባቲ ቅኝት ጋር ያዋሃደ አልበም ካወጣች ወዲህ አገሩ በድምፅዋ ሲጨፍር፣ ቤቷ ጭር ብሏል።

እናቷ የሺመቤት አልበሙን ከፍታ ዱቄት ትነፋ ነበር።

"ልጅሽ ዛሬም ስትጮህ ዋለች" አለቻት ጎረቤቷ አምሳለ፣ በአጥሩ በኩል እየሳቀች።

"ለእናንተ ትጮህላችኋለች እንጂ፣ እኔንማ እማዬ ካለችኝ ዓመት አለፈ።"

ሶስና ከጓዳ ሆና ሰማቻት። መጥታ በተነፋው ዱቄት ላይ በጣቷ ጻፈች። የሺመቤት በስተእርጅና ፊደል መቁጠር የጀመረችው ለዚህ ነበር፤ እንዳትሳሳት እየሰጋች አነበበች።

"እ... ማ... ዬ። ዝጊው፤ እዚህ ነኝ።"

ዘጋችው። የእራቱን ዱቄት ግን ከአምሳለ ተበደረች።