ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ

«እማማ! የረጅም ዕድሜዎ ምስጢር ምንድን ነው?» ብሎ ዳይሬክተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

አሮጊቷ አሁንም አልሰሙም። ከጎናቸው የተቀመጡት ሴት ልጃቸው ወደ ጆሯቸው ተጠግተው ጥያቄውን ደገሙላቸው። ልጃቸው ራሳቸው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ጠዋት በር ሲከፍቱ ዳይሬክተሩ ባለታሪኳ እሳቸው መስለውት «እንኳን ለመቶ ስድስት ዓመትዎ አደረሰዎት» ብሎ ጎንበስ ቢልላቸው፣ «ኧረ ወዲያ! እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ትልቋ ውስጥ ናት» ብለው ሁሉንም አስቀዋቸው ነበር።

መቶ ዓመት ስላለፋቸው ሰዎች በሚሠሩት ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም አሮጊቷ ስድስተኛዋ ናቸው። ከሌሎቹ አምስቱ ለዚሁ ጥያቄ አንዱ ማር፣ አንዱ የእግር ጉዞ፣ አንዷ ደግሞ «አለማግባት» ብለው መልሰዋል። የድምፅ ባለሙያዋ ማዳመጫዋን እንዳጠለቀች መሬት ላይ ተቀምጣ መልሱን ጠበቀች። እናቷን ከቀበረች ሁለት ወሯ ነው። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች፤ ማዳመጫውን ስታደርግ «እግዜር ያጥናሽ» የሚላት ሁሉ ከውጭ ይቀርላታል። እስካሁን አላለቀሰችም።

«ምስጢርስ አለኝ» አሉ አሮጊቷ።

ዳይሬክተሩ ወንበሩን ሳብ አደረገ።

«ስምንት ዓመቴ ነበር። በሽታ ገብቶ የቤቱ ሰው ሁሉ ወድቋል። እኔና ታናሽ እህቴ አንድ አልጋ ላይ ነን፤ ትኩሳቱ ያነድደናል። ከበሩ በኩል ሰው ጠራኝ። በስሜ ነው የጠራኝ። ድምፁ የአያቴ ነው፤ አያቴ ደግሞ ከሞተች ዓመት አልፏታል።»

«ከዚያስ?» አሉ ልጃቸው፣ የዳይሬክተሩን ተራ ቀምተው።

«ፈራኋ! እህቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኋትና ‹አንቺን ነው፣ አቤት በይ› አልኳት። አምስት ዓመቷ ነው፤ ምን ታውቃለች፣ አመነችኝ። ‹አቤት› አለች።» ጭናቸው ላይ ያረፈውን እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ሲነጋ እጇ እጄ ውስጥ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እኔን የጠራኝ የለም። ያ ድምፅ ባሌን ጠራው። አራት ልጆቼን አንድ በአንድ ጠራቸው። እኔን ግን ዘለለኝ። እህቴ በስሜ አቤት ስላለች፣ ሄዳለች ተብዬ ይሆናል።»

«እማዬ» አሉ ልጃቸው፣ «ይሄን እኮ ነግረሽን አታውቂም።»

«ማን ጠይቆኝ።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየና «በቃ፣ አለቀ» አለ ቀስ ብሎ።

«የክፍሉ ድምፅ ይቀረኛል» አለች የድምፅ ባለሙያዋ። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ የክፍሉን ዝምታ ትቀዳለች፤ በኋላ ንግግሩ ሲቆራረጥ ክፍተቱ የሚደፈነው በዚያ ነው። «ሠላሳ ሰከንድ። ማንም እንዳይንቀሳቀስ።» እጇን አነሳች።

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። በማዳመጫዋ የፍሪጁ እምምታ ይሰማታል። በአሮጊቷ ሹራብ አንገትጌ ላይ ካለው ማይክሮፎን ደግሞ ትንፋሻቸው ይመጣል፤ ቀጭን፣ ወረቀት ሲታሸት የሚመስል። እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች።

«ሚጢጢ።»

ከበሩ በኩል ነው። መታወቂያዋ ላይ የሌለ፣ ሥራ ቦታ ማንም የማያውቀው፣ እናቷ ብቻ የምትጠራት ስም። ድምፁም የእናቷ ነው፤ ገበያ ውላ ስትመጣ ዕቃ እንድትቀበላት የምትጠራበት፣ ደከም ያለው ድምፅ።

ቀና አለች። በሩ ተዘግቷል። ካሜራማኑ እጁን አጣጥፎ ጣሪያውን ያያል። ዳይሬክተሩ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ልጃቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዳስሳሉ። አንዳቸውም አልሰሙም።

«ሚጢጢዬ፣ ነይ እንጂ።»

መፍራት ነበረባት፤ አልፈራችም። ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም ያለው እንባ ድንገት ዓይኗን ሞላው። «ወዬ» ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ።

ያኔ አሮጊቷን አየቻቸው። ጆሯቸው ሥር ተጮሆ የማይሰሙት ሴት ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። የተከፈተ አፏን አዩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠበቅ አድርገው፣ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁባት።

«አቤት!» አሉ ወደ በሩ። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ የመቶ ስድስት ዓመት ሰው ድምፅ አይደለም። «አቤት፣ እኔ ነኝ። መጣሁ።»

«ኧረ እማማ!» ዳይሬክተሩ ግንባሩን መታ። «አሥር ሰከንድ ሲቀረን!»

«ማንን ነው አቤት የምትዪው?» አሉ ልጃቸው እየሳቁ። «ማንም አልጠራሽም እኮ፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ወንበራቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ከደኑ። በማዳመጫው ውስጥ አንድ ትንፋሽ ረዝሞ ገባ፤ ቀስ ብሎም ወጣ። የድምፅ ባለሙያዋ የሚቀጥለውን ጠበቀች። ፍሪጁ ብቻ ነው ያለው።

«እንቅልፍ ወሰዳት» አሉ ልጃቸው። «ተዋት፣ ደክሟታል።»

«ጥሩ ነው፣ እንደገና እንቅዳው። ሠላሳ ሰከንድ!» አለ ዳይሬክተሩ።

የድምፅ ባለሙያዋ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ በጉልበቷ እየዳኸች ወንበሩ ሥር ደረሰች። የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ገና ይሞቃል። ግንባሯን ደረታቸው ላይ ደፋች። ክፍሉ እንደገና ፀጥ አለ፤ ከአንገትጌው ላይ ካለው ማይክሮፎን አንድ ትንፋሽ ብቻ እየተቆራረጠ ይመጣላታል፤ የራሷ።